የእጅ ሥራ ትምህርት፦ የአረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ ጌጥ በመርፌ ቁልፍና በዶቃ

የትምህርቱ ዓላማ
ልጆች ይህን ትምህርት ሲጨርሱ፦
ሀ. በመርፌ ቁልፍና በዶቃ የሦስቱን ቀለማት ጌጥ ይሠራሉ፤
ለ. አገርን መውደድ ጎረቤትን ከመውደድ እንደማይለይ ያስረዳሉ።

አስቀድማችሁ አንብቡ፦ ኦሪት ዘፀአት 35፥30-35

መግቢያ
ባነበባችሁት ክፍል ባስልኤልና ኤልያብ የሚባሉ ባለሙያዎችን አግኝታችኋል። የእጅ ጥበብ የእግዚአብሔር ስጦታ መሆኑን ከእነርሱ እንማራለን። ዛሬ እኛም በእጃችን እንሠራለን።

ሦስቱ ቀለማትና መርካቶ
አባቶቻችን የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. በዓድዋ ድል አደረጉ። ከዚያም በ1890 ዓ.ም. በዐፄ ምኒልክ ዘመን ሦስቱ ቀለማት በአንድ ሰንደቅ ዓላማ ላይ ተያያዙ። ጋና በ1949 ዓ.ም. ነፃ ስትወጣ እነዚህኑ ቀለማት ለሰንደቅ ዓላማዋ ወስዳለች።

ጣሊያን በ1928 ዓ.ም. አዲስ አበባን ሲይዝ ሰንደቅ ዓላማችን ወረደ። የምናውቀው መርካቶ የተቋቋመው በዚያ የመከራ ዘመን ነው። ጣሊያኖች በአራዳ፣ በቅዱስ ጊዮርጊስ አጠገብ የነበረውን ገበያ ወደ ምዕራብ አዛወሩት። ስሙም የእነርሱ ቋንቋ ነው፤ ገበያ ማለት ነው። አርበኞች ግን በዱር በገደል ታገሉ፤ ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ አዲስ አበባ ገቡ። እንግዲህ ከመርካቶ ሱቅ ዶቃ ገዝታችሁ እነዚህን ቀለማት ስትሰኩ ይህን አስታውሱ።

ከ1988 ዓ.ም. ጀምሮ በሰንደቅ ዓላማው መካከል ዓርማ አለ። እኛ የምንሠራው ግን የቀለማቱን ጌጥ ነው።

ዶቃ ጨሌ ነውን?
ከእናንተ መካከል ይህን የሚጠይቅ አይጠፋም። ጥያቄው መልካም ነው። ለውቃቢ ብለው ጨሌ የሚያስሩ ሰዎች እምነታቸውን በዶቃው ላይ ይጥላሉ፤ ቤተ ክርስቲያንም ይህን ታወግዛለች። ጥፋቱ ግን የዶቃው አይደለም፤ የልብ ነው። የእኛም ጌጥ ክታብ አይደለም። ከክፉ አይጠብቅም፤ ዕድልም አያመጣም። የሚያደርገው ማስታወስ ብቻ ነው።

የሚያስፈልጉ ነገሮች
1. ትልቅ መርፌ ቁልፍ (5 ሳንቲ ሜትር ያህል) 1
2. ትንሽ መርፌ ቁልፍ 9
3. ደቃቅ ዶቃ፦ አረንጓዴ 27፣ ቢጫ 27፣ ቀይ 27፤ በጠቅላላው 81
የዶቃው ቀዳዳ በመርፌው የሚያልፍ መሆኑን ሳትገዙ ሞክሩት። ወደ መርካቶ ስትሄዱ ከታላቅ ሰው ጋር ሂዱ።

አሠራር
1. ትንሹን መርፌ ቁልፍ ክፈቱ። በመጀመሪያ 3 አረንጓዴ፣ ቀጥሎ 3 ቢጫ፣ በመጨረሻ 3 ቀይ ዶቃ ሰኩ። አረንጓዴው ወደ ተጠመዘዘው ቀለበት፣ ቀዩ ወደ ቆቡ ይሆናል።
2. መርፌውን ዝጉት። ዘጠኙንም እንዲሁ ሥሩ።
3. ትልቁን መርፌ ቁልፍ ክፈቱና ትንንሾቹን በቀለበታቸው ቀዳዳ እያስገባችሁ ደርድሩ። ዶቃው ሁሉ ወደ ፊት ይሁን። ካልበቃ ከዘጠኙ ሁለቱን ቀንሱ።
4. ትልቁን ዝጉና አንሡት። አረንጓዴው ከላይ፣ ቢጫው መካከል፣ ቀዩ ከታች ሆኖ ይታያል።
ማስጠንቀቂያ፦ ዶቃና መርፌ ሕፃናት ከሚደርሱበት አታስቀምጡ፤ ይውጡታል።

ምን እንማራለን?
ስፒል ልብስን ይይዛል፤ ነገር ግን ሰውን ይወጋል። ዋልተር ሀንት የተባለ አሜሪካዊ በ1841 ዓ.ም. (በ1849 እ.ኤ.አ.) ሽቦውን ጠምዝዞ፣ ለጫፉም ቆብ አድርጎለት የመርፌ ቁልፉን የፈጠራ መብት አስመዘገበ። መርፌ ቁልፍ ሲዘጋ ይይዛል እንጂ አይወጋም።

የአገር ፍቅርም እንዲህ ይሁን። በመርካቶ የቅዱስ ራጉኤል ቤተ ክርስቲያንና ታላቁ አንዋር መስጊድ ጎረቤታሞች ናቸው። በየተራው ጉራጌው፣ ስልጤው፣ ዶርዜው፣ ኦሮሞው፣ አማራው፣ ትግሬው ጎን ለጎን ይነግዳል። ሦስቱን ቀለማት ደረቱ ላይ ሰክቶ ጎረቤቱን የሚሰድብ ልጅ ቆብ የሌለው መርፌ ነው። ጌጡ ያምራል፤ ጫፉ ግን ይወጋል። አንዲት መርፌ ዘጠኙን ካልያዘች ቀለማቱ አይታዩም፤ እኛም ተያይዘን ካልቆምን አገራችን አትታይም።

የመልመጃ ጥያቄዎች
1. መርካቶ ከአራዳ የተዛወረው በምን ዘመን ነው?
2. አረንጓዴውን ዶቃ መጀመሪያ የምንሰካው ለምንድን ነው?
3. ጌጣችን ከጨሌ በምን ይለያል?
4. ሁለት ጌጥ ለመሥራት ስንት ዶቃ ያስፈልጋል?

የቤት ሥራ
ሁለት ጌጥ ሥሩ። አንዱን ለየካቲት 23 እና ለሚያዝያ 27 በዓላት አስቀምጡ። ሁለተኛውን በሃይማኖት ወይም በቋንቋ ከእናንተ ለሚለይ ጎረቤት ስጡ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።