የፈረሰው ግድግዳ የት ይግባ?

«አንድ ጎን ግድግዳ ብቻ ነው የማፈርሰው» ብላችሁ ነገሩን አትናቁት። ርዝመቱ 5 ሜትር፣ ቁመቱ 2 ሜትር ተኩል፣ ውፍረቱ 20 ሳንቲ ሜትር የሆነ የጭቃ ግድግዳ እንጨቱ ወጥቶለት እንኳ ከ3 ቶን ያላነሰ አፈር ይወጣዋል። 60 ሊትር በሚይዝ የእጅ ጋሪ ቢመላለሱበት ከ40 ጊዜ በላይ ነው።

እኔ ይህን ስሌት የሠራሁት ዘግይቼ ነው። የጓዳዬን ግድግዳ በጥር አስፈርሼ ጭቃውንም፣ እንጨቱንም፣ የወለሉን የሲሚንቶ ስብርባሪም፣ የዛገውን ቆርቆሮም አንድ ላይ በር ላይ ከመርኩት። ዛሬ ነገ ስል የበልግ ዝናብ ቀደመኝ፤ ክምሩ ቀልጦ ወደ ጎረቤቴ ደጅ ወረደ። አሮጊቷ በራቸው ላይ ቆመው ወደ ላይ አዩኝና «አንተ ልጅ፣ ቤትህን ወደ እኔ ልታዞረው ነው?» አሉ። የጠራሁት ባለጋሪም መጥቶ ክምሩን በእግሩ ነካ ነካ አደረገና «ሚስማር አለበት፤ አህያዬን ያሳንክስብኛል» ብሎ ተመለሰ። በመጨረሻ ለማስለየት ለቀን ሠራተኛ ከፈልኩ፣ ለማስጫን እንደገና ከፈልኩ። ፍርስራሽ ኪስ የሚጎዳው ስለበዛ ሳይሆን ስለተደባለቀ መሆኑን የተማርኩት በዚህ ነው።

ዶማ ከማንሳታችሁ በፊት

የማስወገዱ ሥራ የሚጀምረው በማፍረሱ ቀን ነው። ግድግዳው ጣሪያ የተሸከመ ከሆነ መጀመሪያ በቋሚ ይደገፍ፤ የመብራት ሽቦ ካለበት ከቆጣሪው ይጥፋ። ግቢው ውስጥ አራት ቦታ ለዩ፦ ለጭቃ፣ ለድንጋይና ለሲሚንቶ ስብርባሪ፣ ለእንጨት፣ ለብረት። ለመስታወት፣ ለፕላስቲክና ለተቀረፈ ቀለም ደግሞ አንድ ጠንካራ ማዳበሪያ አስቀምጡ። አሮጌ ቀለም እርሳስ ሊኖርበት ይችላል፤ ልጆችና ዶሮዎች ከሚደርሱበት መራቅ አለበት።

ቅደም ተከተሉ ላይ ሠራተኞቹን ጠበቅ አድርጋችሁ ያዙ። በቅድሚያ የሲሚንቶው ልስን ለብቻው ይቀረፍ፣ ቀጥሎ ጭቃው ውኃ እየተረጨ ይውረድ፣ በመጨረሻ ማገሩና ቋሚው ይነቀል። ሁሉንም በአንድ ጊዜ ገንድሶ መጣል ለሠራተኛው ይፈጥናል፤ የሚተርፈውን ጣጣ የምትከፍሉት ግን እናንተ ናችሁ።

ጭቃው

ከሁሉም የሚበዛው ጭቃው ነው፤ ደግነቱ ብዙው ተመልሶ ግድግዳ ይሆናል። ጓሉን ፈረካክሱት፣ ሲሚንቶና ሚስማር ልቀሙበት፣ ውኃ አጠጥታችሁ አሳድሩት። በማግስቱ አዲስ ጭድ ጨምራችሁ በእግር ይረገጥ፣ ከዚያ ተሸፍኖ ለጥቂት ቀናት ይቡካ። አሮጌው ጭድ አብዛኛው በስብሶ አልቋልና አዲሱን ለመቆጠብ አትሞክሩ። መምረጉን ከመጀመራችሁ በፊት መዳፍ የሚያህል ግድግዳው ላይ ለጥፉና ይድረቅ፤ ከተሰነጠቀ ጭድ ወይም አሸዋ ይፈልጋል። የምስጥ መንገድ ያለበትን ጭቃ ግን ወደ ግድግዳ አትመልሱት።

የተረፈው ንጹሕ ጭቃ ከፍግ ጋር ተቀላቅሎ ጎመንና ድንች መደብ ላይ በስሱ ሊበተን ይችላል። ሲሚንቶ ወይም ቀለም የነካው አይበተንም፤ ሲሚንቶ አፈሩን እንደ ኖራ ያደርገዋል። ጎረቤቴማ ደጃቸው የወረደውን ጭቃ አልመለሱልኝም፤ አቡክተው ምድጃ ሠሩበት።

ድንጋይና ስብርባሪ

በእኛ በቦረና ደጋ በክረምት ከቤት እስከ መጸዳጃ ያለው መንገድ ጫማ ይውጣል። 15 ወይም 20 ሳንቲ ሜትር ቆፍሩ፣ ትልልቁን ድንጋይ አቁማችሁ ደርድሩ፣ ክፍተቱን በብሎኬትና በሲሚንቶ ስብርባሪ ሙሉ፣ ላዩን አፈር አልብሳችሁ ጠቅጥቁ። አዲስ ወለል የምታፈሱ ከሆነም ከሥሩ የሚነጠፈው ድንጋይ ከዚሁ ይወጣል፤ መግዛት የለባችሁም።

የሞላ መጸዳጃ ጉድጓድ ካላችሁ ደግሞ እሰየው። ከአፉ ግማሽ ሜትር ያህል ሲቀረው አመድ በትናችሁ በአፈርና በስብርባሪ ድፈኑት፤ ኋላ ስለሚሰምጥ ላዩን ጉብ አድርጋችሁ ተዉት። እንጨት አትጨምሩበት፤ ሲበሰብስ መሬቱ ይከዳል።

እንጨትና ቆርቆሮ

ያልነቀዘ ባሕር ዛፍ ለአጥር ወይም ለከብት ጋጣ ይሆናል፤ የቀረው ማገዶ ነው። ምስጥ ፍራቻ የተቃጠለ ዘይት የተቀባ ቋሚ፣ ቀለም የነካ በርና መስኮት ግን እንጀራ አይጋገርበትም፤ ጭሱ መርዝ ነው። ቆርቆሮውን ሳታጣጥፉ ደርድሩት። ደህናው ለዶሮ ቤት ይሆናል፣ የዛገውን ቁራሌው ይገዛችኋል።

ለሚወጣው ትርፍ

ግቢ ውስጥ ቦታ ያጣውን ከማስጫናችሁ በፊት «ሙሌት የሚፈልግ አለ?» ብላችሁ በቡናውም በዕድሩም አስወሩ። ቦታው ጎድጓዳ የሆነበት ወይም አዲስ ቤት የጀመረ ሰው ንጹሕ አፈርና ድንጋይ ከተገኘለት በራሱ ጋሪ መጥቶ ይወስዳል። የተለየ ፍርስራሽ ዋጋው እዚህ ላይ ይታያል፤ ሚስማርና ላስቲክ ያለበትን ማንም በነጻ አይፈልገውም።

ፈላጊ ከጠፋ የገበያ ቀን ጠብቁ። ወደ መካነ ሰላም ገበያ እህል ጭኖ የመጣ አህያ ከሰዓት በኋላ ባዶውን ይመለሳል፤ ባለቤቱም መንገዱ ላይ ለሚያራግፈው ጭነት ብዙ አይጠይቅም። ዋጋ የምትነጋገሩት በምልልስ እንጂ በቀን አይሁን። ማዳበሪያውን ከግማሽ በላይ አትሙሉት፤ አፈር ጢም ብሎ ከሞላ 70 ኪሎ ያልፋል፣ ሰውም አህያም ይጎዳል። ደቦ ይሻላል የሚሉ አሉ። እኔ ግን ጠላውን፣ ንፍሮውንና የሴቶቹን ድካም ደምሬ ሳየው ከጋሪ ኪራይ ረክሶ አላገኘሁትም። ሸክም ለማውጣት ብቻ ከሆነ ጋሪ ይሻላል፤ ደቦው ለምርጊቱ ቀን ይቆይ።

የሚራገፍበትን ቦታ አስቀድማችሁ ማዘጋጃ ቤቱን ጠይቁ። የደረቅ ቆሻሻ አያያዝ ሕግ የግንባታና የፈረሳ ፍርስራሽንም ይጨምራል፤ «ዝም ብሎ አፈር ነው» የሚለው መልስ አያዋጣም። ቦይ፣ ምንጭ አጠገብና የገደል አፋፍ ጨርሶ አይሞከርም። የቦረና ውኃ ወርዶ ወርዶ ዓባይ ይገባል፤ ቦዩ ሲደፈን ግን ጎርፉ ዓባይ ሳይደርስ የሰው ቤት ያገኛል። ጭነቱ ሁሉ ከበልግ በፊት ያልቅ ዘንድ ሥራውን ከጥምቀት በፊት ጀምሩ፤ ካልሆነም ቢያንስ ከሰኔ አታሳልፉት።

የመጨረሻው ዙር

ሁሉም ከተነሣ በኋላ ከተበላሸ ሬዲዮ ድምፅ ማጉያ ማግኔቱን አውጡና በገመድ አስራችሁ ግቢውን በዝግታ ጎትቱት፤ በተለይ ከብት የሚያልፍበትን። ላም ከሣር ጋር ሚስማር ወይም ሽቦ ከዋጠች ብረቱ ሆዷን ወግቶ እስከ ልብ ሊደርስ ይችላል። እኔ «ተለቅሟል» ብዬ በጨረስኩት ግቢ ማግኔቱ ሁለት እፍኝ ሚስማር ለቀመልኝ። ቀጥሎም በአሮጊቷ ደጅ ጎተትኩት፤ ላማቸው ቀና ብላ እያየችኝ።