የአማቴን ቅቤ ልተው?

«ለአምዱ አዘጋጅ፣

የመጀመሪያ ልጄን ከወለድኩ ሰባተኛ ሳምንቴን ይዣለሁ፤ ወንድ ነው፣ አልሐምዱሊላህ። ከጡት በቀር የሚወስደው የለም። አማቴ ሊያርሱኝ ከገጠር ከመጡ ወዲህ ጠዋት ገንፎ በቅቤ፣ ቀን ቆጮ በአይብ፣ ማታ ትኩስ ወተት ይቀርብልኛል። ልጄ ግን ሲመሽ ያለቅሳል፤ እግሩን ወደ ሆዱ ይሰበስባል። ጉንጩ ላይ ሽፍታ ወጥቶበታል። ባለፈው ሳምንት ደግሞ ሁለት ጊዜ ሰገራው ላይ ንፍጥ መሳይ ነገርና እንደ ክር የቀጠነ ደም አየሁ።

አዲስ አበባ ያለችው እህቴ በስልክ ‹የላም ወተት አልተስማማውም፤ ወተት ያለበትን ሁሉ አቁሚ› አለችኝ። አማቴ ይህን ሲሰሙ ‹ወተት ሳትጠጪ ጡትሽ ከየት ያመጣል?› ብለው ተቆጡ። እሳቸው እንደሚሉት የሚያለቅሰው ስላልጠገበ ነው፤ ቅቤ ሊያልሱትም ፈልገው ነበር። ባለቤቴ ዝም ብሏል። እሳቸውን ሳላስቀይም ልጄን እንዴት ላድን?

ግራ የገባት እናት፣ ከቡታጅራ»

እህቴ፣ እንኳን በሰላም ተገላገልሽ። የሚቸኩለውን ላስቀድም። ሁለት ወር ያልሞላው ሕፃን ሰገራ ላይ ደም ሲታይ፣ ጥቂትም ቢሆን፣ ቤት ውስጥ ተመካክሮ የሚታለፍ ነገር አይደለም። ነገ ጠዋት ጤና ጣቢያ ወይም ቡታጅራ ጠቅላላ ሆስፒታል ይዘሽው ሂጂ። ይመዝኑታል፤ ፊንጢጣው ተሰንጥቆ እንደሆነ ያዩታል። የጡትሽ ጫፍ ቆስሎ ከሆነም ንገሪያቸው፤ ከቁስሉ የዋጠው የአንቺው ደም ሊሆን ይችላል። ጡት እንቢ ካለ፣ ትኩሳቱ 37.5 ከደረሰ፣ አረንጓዴ ካስመለሰው፣ ሆዱ ከተነፋ፣ ደሙ ከበዛ ወይም ፈዞ አልነቃ ካለ ግን ሌሊትም ቢሆን ተነሺ።

ልቅሶው ብቻውን ቢሆን ኖሮ ከቅቤሽ ጋር አላጣላሽም ነበር። የሕፃናት ልቅሶ በስድስተኛው ሳምንት አካባቢ ይበረታል፤ በሦስተኛውና በአራተኛው ወር ይረግባል። የእህትሽን ጥርጣሬ እንዳልንቀው ያደረገኝ ደሙ፣ ንፍጡና ሽፍታው አብረው መምጣታቸው ነው። የላም ወተት ፕሮቲን ከበላሽው ውስጥ በጥቂቱ ወደ ጡትሽ ይሻገራል፤ የአንዳንድ ሕፃን አንጀት ደግሞ እሱን ሲያገኝ ይቆጣል። ይህ የሚገጥማቸው ጥቂቶች ናቸው፤ ጡት ብቻ ከሚጠቡ 100 ሕፃናት አንድ እንኳ አይሞላም። ስለዚህ ሕፃን ባለቀሰ ቁጥር አራስን ከወተትና ከአይብ መከልከል ትክክል አይደለም።

«አለርጂ የሀብታም ከተማ በሽታ ነው» የሚልሽ ካለም አትቀበዪው። እ.ኤ.አ. በ2005 እና 2006 በእናንተው በቡታጅራ አካባቢ 1,065 ነፍሰ ጡሮች ተመዝግበው፣ ልጆቻቸው ከተወለዱ በኋላ ለዓመታት ክትትል ተደርጎላቸዋል። ጥናቱ የወተት ጥናት አልነበረም፤ ነገር ግን ተመራማሪዎቹ ከሚከታተሏቸው ነገሮች መካከል የሕፃናቱ የቆዳ ሽፍታና ሲር ሲር የሚል ትንፋሽ ነበሩ።

እንዲህ ያለውን የአንጀት ቁጣ ለይቶ የሚያሳይ አስተማማኝ የደም ምርመራ የለም። የሚለየው ለጊዜው ትቶ ማየት፣ ከዚያም መልሶ መሞከር ነው። ሐኪሙ ከተስማማ ለሦስት ሳምንት፣ ቢበዛ ለአራት፣ ከላም የሚገኘውን ሁሉ ታቆሚያለሽ፤ የበሬና የላም ሥጋ ግን አይከለከልም። ወተቱን ትተሽ አይቡን ብትቀጥዪ ግን ምንም አታውቂም። እርጎ፣ አሬራ፣ ቅቤ የገባበት ቡና፣ ማኪያቶ፣ ወተት ያለበት ብስኩትና ኬክም ይቁሙ። ንጥር ቅቤ አብዛኛው ስብ ነው፤ ፕሮቲኑ ሲነጠር ቢቀንስም ጨርሶ አይጠፋም፤ ለእነዚህ ሳምንታት እሱም ይቆይ። የፍየል ወተት መተኪያ አይሆንም፤ ፕሮቲኑ ከላሟ ጋር በጣም ይመሳሰላል። ጡት አስጥለሽ የቆርቆሮ ወተት እንዳትጀምሪ ደግሞ አደራ፤ የተለመደው የሚሠራው ከላም ወተት ስለሆነ በትንሹ ሲሻገርለት የነበረውን በጠርሙስ ሙሉ መስጠት ነው።

የእናንተ አገር ገበታ እዚህ ላይ የተለየ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ቆጮ ጉልበት ይሰጣል እንጂ ፕሮቲኑ እጅግ ትንሽ ነው፤ የጎደለውን የሚሞሉለት አይቡ፣ ወተቱና ሥጋው ናቸው። አይቡን አንስተሽ ቆጮ በጎመን ብቻ እየበላሽ ብታጠቢ የምትጎጂው አንቺ ነሽ። በአይቡ ፋንታ እንቁላል፣ በዘይት የተጠበሰ ሥጋ፣ ሽሮ፣ ምስር ወይም ክክ በየቀኑ ይቅረብልሽ። ካልሲየምም አለ፤ የምታጠባ እናት በቀን 1,000 ሚሊ ግራም ያህል ያስፈልጋታል። የጤፍ እንጀራ ጨምሪ፤ ጤፍ ካልሲየም አለው። የአበሻ ጎመን ከቆስጣ ይሻልሻል፤ የቆስጣን ካልሲየም ሰውነት በደንብ አይወስደውም። ይህም ሆኖ 1,000 መሙላት ቀላል ስላልሆነ ስለ ካልሲየም እንክብል ሐኪሙን ጠይቂው። ገንፎው በኑግ ወይም በሱፍ ዘይት፣ አጥሚቱም ያለ ወተት ሊሠራ ይችላል። የወጡ ነገር ካስቸገረሽ ኦርቶዶክስ ጎረቤት አታጪምና ጠይቂያት፤ ያለ ቅቤ የሚጣፍጥ ወጥ በጾም ሁሉ ስትሠራ ነው የኖረችው።

አሁን ወደ አማትሽ። የጡት ወተት የሚበዛው ሕፃኑ ደጋግሞ ሲጠባና ጡት ሲጎድል ነው፤ እናቲቱ በልታ መጥገቧና ውኃ መጠጣቷ ይበቃል። ላሟም ብትሆን ሣር በልታ እንጂ ወተት ጠጥታ አይደለም የምትታለበው። ይህን ግን ስቀሽ፣ ቀስ ብለሽ ንገሪያቸው፤ አማት በክርክር አትረታም።

ቅቤ በጉራጌ ሴት እጅ ተራ ምግብ አለመሆኑን ከእኔ ይልቅ አንቺ ታውቂዋለሽ። ጥቂት በጥቂት እየተናጠ፣ በቅቤ ዕቁብ እየተዋጣ፣ ለበዓልና ለአራስ የሚቀመጥ የራሷ ሀብት ነው። አማትሽ ያንን ተሸክመው መጥተው «ልጄን ጎዳው» ሲባሉ የሚሰሙት ስለ ፕሮቲን የተነገረ ነገር አይደለም፤ «እርስዎ ጎዱት» የሚል ክስ ነው። ስለዚህ ቅቤውን አታውግዢው፤ አስቀምጪው። እንዲህ በያቸው፦ «እማማ፣ ሐኪሙ ለሦስት ሳምንት ብቻ ከላም ነገር ከልክሎኛል። ቅቤው ይቀመጥልኝ። እስከዚያ ያለ ቅቤ የሚያጠነክረኝን እርስዎ ያዘጋጁልኝ፤ የልጁንም ሰገራ አብረን እንይ።» ማረሱ ከእጃቸው አልወጣም፤ ድስቱም የእሳቸው እንደሆነ ቀረ። ሕፃን ያሳደገ ዓይናቸውም ይጠቅምሻል።

ሕፃኑን ቅቤ ማላስን በተመለከተ ግን እሺ የምትዪበት መንገድ የለም። ስድስት ወር እስኪሞላው ከጡትሽ በቀር ውኃም አያስፈልገውም፤ ለእሱ ደግሞ ቅቤው የተጠረጠረው ነገር ራሱ ነው። ሽፍታው ላይም እንዳይቀባ። ይህን ማስረዳት የባለቤትሽ ሥራ ነው። ምራት ስትናገረው ድፍረት የሚመስል ቃል ከልጅ አፍ ሲወጣ ይቀላል፤ እስካሁን ዝም ያለውም ይበቃዋል። ሐኪም ቤት አብሯችሁ ይሂድ፤ የተባለውን በጆሮው ሰምቶ ለእናቱ ይንገር።

ሦስቱ ሳምንታት ሲያልፉ ብዙ እናቶች የሚዘሉት ነገር አለ፦ መልሶ መሞከር። ምንም ለውጥ ከሌለ ጥፋቱ የወተት አይደለም፤ ወደ ገንፎ በቅቤሽ ተመለሺ፣ ሐኪሙም ሌላ ምክንያት ይፈልግ። ከተሻለው ግን «ተገኘ» ብለሽ ዓመቱን ሙሉ ከወተት አትራቂ። ሐኪሙን አማክረሽ እንደ ቀድሞሽ ወተቱንና አይቡን ለአንድ ሳምንት ያህል መልሰሽ ብዪ። ደሙ ወይም ሽፍታው ከተመለሰ ምክንያቱ ታወቀ፤ ያኔ ታቆሚያለሽ። ለስንት ጊዜ እንደሆነና በስድስተኛው ወር ምግብ ሲጀምር ምን እንደሚሰጠው ከሐኪሙ ጋር ትወስናላችሁ። ጡት እየጠቡ እንዲህ የሚሆኑ ልጆች አብዛኞቹ ዓመት እስኪሞላቸው ይተዋቸዋል። ካልተመለሰ ደግሞ በራሱ ጊዜ የሚያልፍ ነገር ነበር፤ አንቺም ያለ ምክንያት ስትከለከዪ አትኖሪም።

የምትጀምሪበትንና የምታበቂበትን ቀን ለአማትሽም ለባለቤትሽም ከወዲሁ ንገሪያቸው። ማብቂያው የታወቀ ክልከላ ሦስታችሁንም አያጣላም።