የጀርባ ቦርሳ ስለ መምረጥ

ለሥራም ለመንገድም የሚያገለግል የጀርባ ቦርሳ የሚገዛ ሰው አስቀድሞ መልኩን ይመለከታል፤ ሸክሙን የሚችለው ግን ጀርባው ነው። ስለዚህ ሁለቱም ማንገቻዎች ሰፊና ለስላሳ ይሁኑ፤ ቀጭን ማንገቻ ትከሻን ይቈርጣል፣ እጅንም ያደነዝዛል። በአንድ ትከሻ ብቻ ማንጠልጠል፣ ለወጣቶች ጌጥ ቢመስላቸውም፣ አካልን ወደ አንድ ወገን ያዘነብላል። ከባዱ ዕቃ ወደ ጀርባ ተጠግቶ ይቀመጥ፤ ከውጭ በኩል ቢሆን ወደ ኋላ ይስባልና ተሸካሚው ይጐብጣል። 30 ኪሎ የሚመዝን ተማሪ ከ3 እስከ 4 ኪሎ ተኩል ቢይዝ ይበቃዋል፤ መምህራንም የዕለቱን መጻሕፍት ብቻ እንዲያመጣ ቢያዝዙት መልካም ነው። ምሳና ጫማ እንዳይገናኙ የተለያየ ክፍል ያለው፣ ውስጡም በሳሙና የሚታጠብ ቦርሳ ይመረጣል፤ ታጥቦ ሳይደርቅ ግን አይታጠፍ፤ ይሻግታልና።