አምስት ግራም ስኳር፦ ከስኳር ሕመም ጋር መኖር በፊዚክስ ዓይን ሲታይ

በአንድ ጎልማሳ ሰው ሰውነት ውስጥ አምስት ሊትር ገደማ ደም ይገኛል። ምግብ ሳይበላ ባደረ ጤናማ ሰው ደም ውስጥ ደግሞ በየሊትሩ አንድ ግራም ያህል ግሉኮስ አለ። ሁለቱን ብናባዛ በመላው ደማችን የሚዘዋወረው ስኳር አምስት ግራም ብቻ፣ ማለትም አንድ የሻይ ማንኪያ ያህል መሆኑን እንረዳለን። ይህ መጠን ወደ ሦስት ግራም ተኩል ሲወርድ ሐኪሞች የስኳር ማነስ ይሉታል። በደኅናው ሰውና በአደጋው መካከል ያለው ርቀት እንግዲህ የአንድ ግራም ተኩል ጉዳይ ነው።

በዚህ ጽሑፍ ሰውነት ይህን ጠባብ ሚዛን እንዴት እንደሚጠብቅ፣ ሥርዓቱ ሲጓደል ኢንሱሊን የሚወጋ ሰው ምን እንደሚጠበቅበትና በዙሪያው ያለነው ሰዎች ድርሻችን ምን እንደሆነ እንመለከታለን። የጸሐፊው ሙያ ፊዚክስ በመሆኑ የመድኃኒትን መጠን የሚመለከት ውሳኔ ሁሉ ለሐኪም የተተወ ነው።

ራሱን የሚቆጣጠር ሥርዓት

በጤናማ ሰው ቆሽት ውስጥ የሚገኙ ሕዋሳት የደሙን ስኳር ያለማቋረጥ ይለካሉ። ስኳሩ ከፍ ሲል ኢንሱሊን ያመነጫሉ፤ ዝቅ ሲል ማመንጨቱን ይቀንሳሉ። ከቆሽት የወጣ ኢንሱሊን በደም ውስጥ የሚቆየው ለጥቂት ደቂቃዎች በመሆኑ እርማቱ ፈጣን ነው። መሐንዲሶች እንዲህ ያለውን አሠራር ግብረ መልስ ያለው ቁጥጥር ይሉታል።

በዓይነት አንድ የስኳር ሕመም ኢንሱሊን አመንጪ ሕዋሳት ይወድማሉ። እ.ኤ.አ. በ1921 በካናዳ የቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ባንቲንግና ቤስት ኢንሱሊንን ለይተው እስኪያወጡ ድረስ ይህ ሕመም የያዘው ልጅ ብዙም ሳይቆይ ይሞት ነበር። በጥር 1922 እ.ኤ.አ. መድኃኒቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ለሰው ተሰጠ። ከዚያ ወዲህ ሕመሙ የሞት ፍርድ መሆኑ ቀርቶ፣ የቆሽትን ሥራ በእጅ የመሥራት የዕለት ተዕለት ኃላፊነት ሆኗል። ዛሬ መለኪያንና ፓምፕን አገናኝቶ ይህን ሥራ በከፊል የሚያከናውን መሣሪያ ቢኖርም ዋጋው ለብዙኃኑ የሚቀመስ አይደለም።

የመዘግየት ችግር

በእጅ የሚደረግ ቁጥጥር ዋነኛ ችግሩ መዘግየት ነው። ከቆዳ ሥር የተወጋ መደበኛ ኢንሱሊን መሥራት የሚጀምረው ከግማሽ ሰዓት በኋላ ገደማ ነው፤ ኃይሉ የሚያይለው ከሁለት እስከ አራት ሰዓት ባለው ጊዜ ሲሆን እስከ ስምንት ሰዓት ሊቆይ ይችላል። ጉዳዩን ለመረዳት የኤሌክትሪክ ምጣድን እናስብ። ልምድ ያላት ጋጋሪ የመጨረሻውን እንጀራ ከመጋገሯ በፊት ምጣዱን ታጠፋዋለች። ምጣዱ ያከማቸው ሙቀት እንደሚበቃ ታውቃለችና። ኢንሱሊን የሚወጋ ሰውም እንዲሁ በሰውነቱ ውስጥ ሥራውን ያልጨረሰ መድኃኒት መኖሩን ማሰብ ይኖርበታል። ስኳሩ ቶሎ አልወረደም ብሎ ከሐኪሙ መመሪያ ውጭ ደጋግሞ የሚወጋ ሰው መድኃኒቱ ተደራርቦ ከጥቂት ሰዓታት በኋላ ሊጥለው ይችላል።

የአካል እንቅስቃሴም የዘገየ ውጤት አለው። ከሰዓት በኋላ ኳስ የተጫወተ ወጣት ጡንቻዎቹ ያወጡትን ስኳር ለመተካት ለብዙ ሰዓታት ከደሙ ስለሚስቡ ስኳሩ ሌሊት በእንቅልፍ ላይ እያለ ሊወርድ ይችላል።

ልኬት ለዚህ ሁሉ መሠረት ነው። ሆኖም መለኪያው የሚፈልገው የደም ጠብታ እጅግ ትንሽ ነው። በአንድ ማይክሮሊትር ደም ውስጥ ያለው ግሉኮስ የአንድ ግራም አንድ ሚሊዮንኛ ብቻ ነው። በመሆኑም ብርቱካን ልጦ እጁን ሳይታጠብ የለካ ሰው የሚያነበው ቁጥር በጣቱ ላይ የቀረውንም ጭማቂ ይጨምራል። ከመለካት በፊት እጅን በውኃ መታጠብና ማድረቅ የግድ ነው።

መድኃኒቱን ከሙቀት መጠበቅ

ያልተከፈተ ኢንሱሊን ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለ ቅዝቃዜ ይቀመጣል። በሥራ ላይ ያለ ብልቃጥ ግን ከ25 እስከ 30 ዲግሪ በማያልፍ የክፍል ሙቀት አብዛኛውን ጊዜ ለአራት ሳምንት ያህል ይቆያል። በረዶ የሆነ ኢንሱሊን ቢቀልጥም ይጣላል እንጂ አይወጋም። ስለዚህ ማቀዝቀዣ ያለው ሰው ብልቃጡን ከበረዶ ቤቱ ማራቅ አለበት።

ማቀዝቀዣ የሌለው የቆላ ነዋሪስ? እዚህ ላይ የሸክላ ዕቃ ይረዳናል። አንድ ግራም ውኃ ሲተን 2,400 ጁል ያህል ሙቀት ከአካባቢው ይወስዳል። ይህም መቶ ግራም ውኃን ከአምስት ዲግሪ በላይ ለማቀዝቀዝ የሚበቃ ነው። ያልተለበጠ ሸክላ ውኃን በቀዳዳዎቹ እያሳለፈ ስለሚያተን ውስጡ ይቀዘቅዛል። አነስተኛ ማሰሮ በትልቅ ማሰሮ ውስጥ ተቀምጦ በመካከሉ ያለው ክፍተት በእርጥብ አሸዋ ይሞላል፤ አፉም በእርጥብ ጨርቅ ይሸፈናል። ማሰሮው ጥላና ነፋስ ባለበት ቦታ ይቀመጣል። ብልቃጡ ውኃ በማያስገባ ፕላስቲክ ተጠቅልሎ በውስጠኛው ማሰሮ ይገባል።

ይህ ዘዴ ወሰን አለው። አየሩ 35 ዲግሪ ሆኖ አንጻራዊ እርጥበቱ 20 በመቶ ቢሆን፣ ትነት ሊያደርስ የሚችለው ዝቅተኛ ሙቀት 19 ዲግሪ ገደማ ነው። እርጥበቱ 80 በመቶ ከሆነ ግን ከ32 ዲግሪ ብዙም አይወርድም። ስለሆነም ማሰሮው በደረቁ የበጋ ወራት እንደ መተማ ባለ ቆላ በሚገባ ሲያገለግል፣ ዝናብና ወበቅ በበዛበት ወቅት ጥቅሙ ይቀንሳል። ለብዙ ወራት የሚሆን ክምችት በጤና ተቋም ማቀዝቀዣ ቢቀመጥ ይመረጣል።

ማዕድና ማኅበራዊ ኑሮ

በእኛ ባህል ፍቅር በማዕድ ይገለጻል። «በሞቴ»፣ «አፈር ስሆን» እያለ የሚያጎርስ ሰው ክፋት የለበትም። ነገር ግን ልኩን ያሰበ ታማሚ ላይ የሚጨመር እያንዳንዱ ጉርሻ ስሌቱን ያዛባዋል። በተቃራኒው፣ ድግስ ላይ ኢንሱሊኑን ተወግቶ ምግብ የሚጠብቅ እንግዳ አሳላፊዎች በዘገዩ ቁጥር ወደ አደጋ ይቀርባል። መድኃኒቱ የባለቤቱን ፕሮግራም አይጠብቅም። የምግቡ ሰዓት እርግጠኛ በማይሆንበት ቦታ መርፌው ምግቡ ከፊት ሲቀርብ እንዲሆን ከሐኪም ጋር አስቀድሞ መመካከር ይገባል።

ስለ ምግብ የሚነገሩ ሁለት የተሳሳቱ ሐሳቦችንም ማረም ያስፈልጋል። ማር የተፈጥሮ ምግብ ቢሆንም ስኳር ነው። የጤፍ እንጀራም ተፈጭቶ ግሉኮስ ይሆናል፤ ስለዚህ የሚበላው በልክ ነው። ጠላና ጠጅን በተመለከተ፣ ጉበት አልኮልን በማስወገድ ሲጠመድ ስኳር ወደ ደም መልቀቁን ስለሚቀንስ ባዶ ሆድ መጠጣት አደገኛ ነው። መጾም የሚፈልግ ታማሚም ሐኪሙንና የሃይማኖት አባቱን አስቀድሞ ያማክር።

ጓደኛ ሊያውቀው የሚገባ

ስኳሩ የወረደበት ሰው ያልበዋል፤ ይንቀጠቀጣል፤ ንግግሩ ይተሳሰራል፤ ያለ ምክንያት ይቆጣል። በተማሪዎች ማደሪያ ውስጥ እንዲህ የሆነን ልጅ «ሰክሯል፣ ይተኛና ይለፍለት» ብሎ መተው ሕይወቱን ሊያሳጣው ይችላል። መፍትሔው ግን ቀላል ነው። ነቅቶ መዋጥ የሚችል ከሆነ ሦስት ወይም አራት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውኃ በጥብጦ ማጠጣት፣ ከ15 ደቂቃ በኋላ እንደገና መለካት፣ ካልተሻለው መድገም፣ ሲሻለው ምግብ ማብላት ይገባል። ራሱን ለሳተ ሰው በአፉ ምንም አይሰጥም፤ በጎኑ አስተኝቶ በፍጥነት ወደ ሕክምና መውሰድ ያስፈልጋል።

ይህ እርዳታ የሚገኘው ግን አብሮ የሚያድረው ሰው ሕመሙን ሲያውቅ ብቻ ነው። አበው «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ያሉት ለዚህ ሳይሆን አይቀርም። ብዙ ወጣቶች እንዳይታዘንላቸው ወይም ለትዳር እንዳይናቁ በመስጋት መርፌያቸውን ይደብቃሉ። ሸክሙ የእነርሱ ብቻ ሊሆን አይገባም። ለመደበቅ የሚያስገድደውን ሐሜት የምንፈጥረው እኛው ነንና።

በአጠቃላይ ከስኳር ሕመም ጋር መኖር አምስት ግራምን በየዕለቱ የመጠበቅ ሥራ ነው። ታማሚው ይለካል፣ ያሰላል፣ ይጠነቀቃል። ቤተሰቡ፣ የክፍል ጓደኛውና ጋባዡ ደግሞ ምግቡን በሰዓቱ በማቅረብ፣ እምቢታውን በማክበርና ጥቂት ስኳር በአቅራቢያ በማስቀመጥ ሊያግዙት ይችላሉ።