የፍል ውኃ ጥቅምና ልክ

በፍል ውኃ ታጥቦ ፈውስ መሻት ዛሬ የተጀመረ ልማድ አይደለም። የጥንት ሐኪሞች ሕሙማንን ወደ ፍል ውኃ ይልኩ ነበር። ሆኖም የውኃውን ጥቅም የሚያውቅ ሁሉ ልኩን ደግሞ ማወቅ ይገባዋል።

የቤተ ልሔምን ሕፃናት ያስፈጀው ሄሮድስ በመጨረሻው ደዌ በተያዘ ጊዜ፥ ሐኪሞቹ ዮርዳኖስን አሻግረው ከጨው ባሕር በስተ ምሥራቅ ወዳለው ቀሊሮኤ ወደሚባል ፍል ውኃ እንደ ወሰዱት አይሁዳዊው ታሪክ ጸሐፊ ዮሴፍ ጽፏል። ነገር ግን አልዳነም፤ ወደ ኢያሪኮ ተመልሶ ሞተ። ንጉሥ ስለ ሆነ ውኃው አላዳላለትም።

ከጥብርያዶስ ባሕር በስተ ደቡብ ምሥራቅ፥ በያርሙክ ወንዝ ሸለቆ፥ ሮማውያን በ2ኛው መቶ ዓመት ታላቅ መታጠቢያ የሠሩበት የገዳራ ፍል ውኃ አለ። በ4ኛው መቶ ዓመት የነበረው ቅዱስ ኤጲፋንዮስ ዘቆጵሮስ ወንድና ሴት በዚያ በአንድነት መታጠባቸውን ነቅፎ ጽፏል። በ6ኛው መቶ ዓመት ያለፈ አንድ ተሳላሚ ደግሞ፥ የሥጋ ደዌ ሕሙማን ማታ መብራትና ዕጣን ይዘው እየገቡ ሌሊቱን በውኃው ውስጥ እንደሚያድሩ፥ ምግባቸውም ከሕዝብ ገንዘብ እንደሚሰጣቸው ተናግሯል። በ662 ዓ.ም. እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር፥ በከሊፋው በሙዓውያ ዘመን፥ መታጠቢያው ለሕሙማን ፈውስ መታደሱን የሚገልጽ የግሪክ ጽሕፈት በድንጋይ ተቀርጾ ተገኝቷል፤ በጽሕፈቱም ራስ ላይ መስቀል አለ። እንግዲህ ሃይማኖት ቢለያይም ለድኩማን መራራት አንድ አድርጓቸዋል።

በአገራችንም እቴጌ ጣይቱ በፍል ውኃው አጠገብ ቤት አሠሩ፤ አዲስ አበባም በ1879 ዓ.ም. በዚያው አቅራቢያ ተቈረቈረች።

ሙቀቱ የደነደነ ጅማትን ያላላል፤ ውኃው የሰውነትን ክብደት ስለሚሸከም የመገጣጠሚያን ሕመም ያስታግሣል። ነገር ግን ልቡ የደከመ ሰውና እርጉዝ ሴት ሐኪም ሳይጠይቁ ሊገቡበት አይገባም። የሥጋ ደዌንም ፍል ውኃ አያድነውም፤ ዛሬ የሚያድነው የሐኪም መድኃኒት ነው። መድኃኒቱ ከዘገየ ግን ደዌው ቢድንም የደነዘዘው እጅና እግር እንደ ቀድሞው ላይመለስ ይችላል። ስለዚህ ካህን ሆይ፥ ሕመምተኛ ምክር ሊጠይቅህ ቢመጣ ውኃውን አትንቀፍ፤ ነገር ግን አስቀድመህ ወደ ሐኪም ላከው። ውኃውም መድኃኒቱም የአንዱ ፈጣሪ ስጦታዎች ናቸውና፥ አንዱን ይዞ ሌላውን መግፋት ስጦታውን መናቅ ነው።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።