ባለአራት ጎማ ሞተር ሳይክል በመስክ ሥራ፦ የአደጋው መንስኤና መከላከያው

የእርዳታና የሠፈራ ሥራ አብዛኛውን ጊዜ የሚካሄደው መኪና በቀላሉ በማይደርስበት ሥፍራ ነው። በልዩ ልዩ አገሮች ለእርሻና ለመስክ ተግባር የሚውለው ባለአራት ጎማ ሞተር ሳይክል አሸዋና ጭቃ ስለማይበግረው ለዚሁ ሥራ ተስማሚ መስሎ ይታያል። ይሁን እንጂ ጠባዩን ሳያውቅ የሚነዳው ሠራተኛ እርዳታ ሊያደርስ ሄዶ ራሱ እርዳታ ፈላጊ ይሆናል። ሐኪም ቤት ሩቅ በሆነበት አካባቢ ደግሞ አንድ ስብራት እንኳ ለዕድሜ ልክ አካል ጉዳት ሊዳርግ ይችላል።

ሆንዳ የተባለው የጃፓን ኩባንያ ባለሦስት ጎማውን ዓይነት ለአሜሪካ ገበያ ያቀረበው እ.ኤ.አ. በ1970 ነበር። በአደጋው ብዙ ሰዎች፣ ከእነዚህም መካከል በርካታ ልጆች፣ ስለሞቱና ስለቆሰሉ በ1988 በፍርድ ቤት በጸደቀ ስምምነት አምራቾቹ በዚያ አገር የባለሦስት ጎማውን አዲስ ሽያጭ አቆሙ። ባለአራት ጎማውም ቢሆን ከመገልበጥ አልዳነም። በመሆኑም አውስትራሊያ ከጥቅምት 2021 ጀምሮ ለሽያጭ በሚቀርቡ አዳዲሶቹ ላይ ነጂውን ከመጨፍለቅ የሚከላከል መሣሪያ እንዲኖር አስገድዳለች።

የአደጋው ምክንያት በአሠራሩ ላይ ይገኛል። ተሽከርካሪው ከመሬት ከፍ ያለ፣ በጎንና ጎን ጎማዎቹ መካከል ያለው ስፋትም ጠባብ ነው። ሚዛኑ የሚጠበቀው ነጂው በመታጠፊያና በዳገት ላይ ሰውነቱን ወደሚገባው አቅጣጫ ሲያዘነብል ነው። ከኋላው ሌላ ሰው ከተቀመጠ ይህን ማድረግ ይሳነዋል። ጭነትም እንዲሁ ነው፤ 20 ሊትር ውኃ የያዘ ጀሪካን 20 ኪሎ ግራም ያህል ይመዝናል፤ ያልሞላ በርሜል ውስጥ የሚዋልለው ውኃ ደግሞ ሚዛንን በድንገት ያዛባል። በአስፋልት ላይም ለልቅ አፈር የተሠሩት ጎማዎች መሬቱን አጥብቀው ስለሚይዙ በመታጠፊያ ላይ የመገልበጥ አደጋ አለ።

ከሁሉ የሚከፋው የራስ ቅል፣ የአንገትና የጀርባ አጥንት እንዲሁም የደረት ጉዳት ነው። ከተሽከርካሪው ሥር የተያዘ ሰው ቁስል ሳይታይበት እንኳ ደረቱ ተጨቁኖ መተንፈስ ስለሚያቅተው ሊሞት ይችላል።

ስለዚህ የጣቢያ ኃላፊዎች የሚከተለውን ማስፈጸም ይገባቸዋል፦

1. ያልሠለጠነና ዕድሜው ከ16 ዓመት በታች የሆነ አይንዳ።
2. ለአንድ ሰው በተሠራው ላይ ሁለተኛ ሰው አይጫን።
3. የራስ ቁር ሳይደረግ ሞተር አይነሣ።
4. ጭነት በአምራቹ ከተወሰነው ልክ አይለፍ፤ ዝቅ ተደርጎ በሚገባ ይታሰር።
5. ብቻውን የሚሄድ ሠራተኛ መንገዱንና የመመለሻ ሰዓቱን ያስመዝግብ።

አደጋ ከደረሰ በመጀመሪያ ሞተሩ ይጥፋ። የተያዘውን ሰው ጎትቶ ከማውጣት ይልቅ ሰዎች ተባብረው ተሽከርካሪውን ያንሡለት። የሚፈስ ደም በንጹሕ ጨርቅ ተጭኖ ይገታ። የአንገት ወይም የጀርባ ጉዳት ከተጠረጠረ ራሱና አንገቱ ሳይነቃነቁ በቃሬዛ ይወሰድ። ለጥቂት ጊዜ እንኳ ራሱን የሳተ ሰው ነቅቶ ደኅና ነኝ ቢልም ወደ ሕክምና ይላክ እንጂ ዳግመኛ እንዲነዳ አይፈቀድለት።

እህል አንድ ቀን ቢዘገይ በሌላ መንገድ ማድረስ ይቻል ይሆናል፤ የጠፋ ሕይወት ግን አይተካም። ጥንቃቄውም የእርዳታው ሥራ አንድ ክፍል መሆኑ ሊዘነጋ አይገባም።