ከታማሚው ፊት ከመቅረብ በፊት፦ የንግግርና ቋንቋ ሕክምና ተማሪዎችን በወረርሽኝ ወቅት በወካይ ታማሚ ማሠልጠን

የኮሮና ቫይረስ በሀገራችን መገኘቱ መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ይፋ ሆነ፤ በሦስተኛው ቀን ትምህርት ቤቶች እንዲዘጉ ተወሰነ። ያን ጊዜ የሁሉም ዐይን ያረፈው በመማሪያ ክፍሎች ላይ ነበር። የጤና ተማሪ ግን ዋናው መማሪያ ክፍሉ የታማሚው አልጋ አጠገብ ነው። ያ ስፍራ ሲዘጋበት በመጽሐፍ ሊተካለት የሚችለው ጥቂት ነው። ይህ ትምህርት የሚናገረው ከጤና ተማሪዎች መካከል ስማቸው ብዙ ጊዜ ስለማይነሣው ስለ ንግግርና ቋንቋ ሕክምና ተማሪዎች ነው። የተዘጋጀውም በተለይ ለንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ ነዋሪዎች ነው፤ ከዚህ በታች የሚገለጸው ልምምድ ያለ ነዋሪው ትብብር አይካሄድምና።

የንግግርና ቋንቋ ሕክምና ባለሙያ የሚረዳው ብዙ ዓይነት ሰው ነው። ስትሮክ መትቶት ቃላት የጠፉበት አባት፣ ከንፈሩና ላንቃው ተሰንጥቆ የተወለደ ሕፃን፣ የሚንተባተብ ተማሪ፣ ሦስት ዓመት ሞልቶት አፉን ያልፈታ ልጅ፣ እንዲሁም ውሃ ሲጠጣ ትን የሚለው በሽተኛ ሁሉ ወደ እርሱ ይመጣሉ። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ትምህርቱ ይሰጣል፤ ይሁን እንጂ የባለሙያዎቹ ቁጥር ከሀገሪቱ ፍላጎት ጋር ፈጽሞ አይመጣጠንም። ስለዚህ የአንድ ዓመት ተመራቂዎች በወረርሽኝ ምክንያት ቢዘገዩ ጉዳቱ በተማሪዎቹ ላይ ብቻ አይቆምም፤ ተራ ይዘው የሚጠብቁ ቤተሰቦችም ዓመቱን ያለ ረዳት ያሳልፋሉ።

ወረርሽኙ ይህን ሙያ ከሌሎች ይልቅ የሚያስቸግረው ለምንድን ነው?

ባለሙያው ፊት ለፊት፣ በቅርብ ርቀት ይቀመጣል። የታማሚውን ከንፈር፣ ምላስና ላንቃ ማየት አለበት፤ ታማሚውም የእርሱን አፍ እያየ ይለማመዳል። የአፍና አፍንጫ መሸፈኛ ሁለቱንም ይከለክላል። የመዋጥ ችግርን መመርመር ደግሞ ብዙ ጊዜ ሳል ያስነሣል፤ ሳል በበኩሉ በሽታው ከሰው ወደ ሰው ከሚተላለፍባቸው መንገዶች ዋነኛው ነው። በሌላ በኩል ወረርሽኙ ራሱ የዚህን ሙያ ታማሚዎች ያበዛል። በፅኑ ሕሙማን ክፍል ለመተንፈሻ መሣሪያ የሚገባው ቱቦ በድምፅ አውታሮች መካከል ስለሚያልፍ፣ ቱቦው ከወጣ በኋላ ድምፃቸው የሚሻክርና ምግብ መዋጥ የሚቸግራቸው በሽተኞች አሉ። ሥልጠናው በሚቆምበት ጊዜ ፈላጊው ይጨምራል ማለት ነው።

መፍትሔው አዲስ አይደለም። ኖርዌያዊው የአሻንጉሊት አምራች አስሙንድ ሌርዳል እ.ኤ.አ. በ1960 ትንፋሽ መስጠትን የሚያለማምድ የሰው አምሳል ሠራ። ከሦስት ዓመት በኋላ አሜሪካዊው የነርቭ ሐኪም ሃዋርድ ባሮውስ ጤነኛ ሰው የታማሚን ሁኔታ አጥንቶ በተማሪዎች ፊት እንዲቀርብ አደረገ። እንዲህ ያለውን ሰው በዚህ ጽሑፍ «ወካይ ታማሚ» እንለዋለን። በንግግርና ቋንቋ ሕክምና ረገድ በስድስት የአውስትራሊያ ዩኒቨርሲቲዎች የተደረገ ጥናት፣ ከአዋቂ ታማሚዎች ጋር ከሚደረገው ተግባራዊ ልምምድ 20 በመቶ ያህሉ በዚህ መንገድ ቢተካ የተማሪዎቹ ብቃት እንደማይቀንስ አሳይቷል። የአሜሪካ የሙያ ማኅበርም ከ375 ሰዓት የታማሚ ግንኙነት እስከ 75 ሰዓት የሚሆነውን በዚህ መልክ እንዲሟላ ይፈቅዳል። ቁጥሮቹን በጥንቃቄ ማንበብ ይገባል፤ አራት አምስተኛው ልምምድ አሁንም ከእውነተኛ ታማሚ ጋር ነው። ወካይ ታማሚ ሆስፒታልን እንደሚተካ የሚናገር ሰው ቢያጋጥም አለመቀበል ተገቢ ነው። የሚተካው የመጀመሪያውን መንተፋተፍና የመጀመሪያውን ስሕተት ነው፤ እነዚያም በአንዲት ደካማ እናት ላይ ከሚደርሱ በፈቃደኛ ሰው ፊት ቢደርሱ ይሻላል።

የአስተባባሪው ሥራ

አስተባባሪው መጀመሪያ የሚያዘጋጀው የሚና ወረቀት ነው። ለምሳሌ ያህል እንዲህ የሚል ወረቀት እናስብ፦ «በጀሞ ኮንዶሚኒየም የሚኖሩ የ66 ዓመት አዛውንት ነዎት፤ ጡረታ የወጡ የታክሲ ሾፌር ነዎት። ከሁለት ወር በፊት ስትሮክ መታዎት። የሚነገርዎትን ይረዳሉ፤ የዕቃ ስም ሲጠየቁ ግን ቃሉ አይመጣልዎትም። ጀበና ሲያሳዩዎት ‹ያ… የቡና… ያ› ይላሉ፤ ሦስት ጊዜ ከተጠየቁ ይቆጣሉ።» ወረቀቱ በሽታውን ብቻ ሳይሆን ቁጣውንም መያዝ አለበት። ተማሪው መማር ያለበት ቃል ማስታወስን ብቻ አይደለም፤ በልጁ ዕድሜ ባለ ሰው ፊት ጀበናን መጥራት ያቃተው አዛውንት ምን እንደሚሰማው መገመትንም ጭምር እንጂ።

ሥዕሎቹ ከውጭ መጽሐፍ የተገለበጡ እንዳይሆኑ ጥንቃቄ ይደረጋል። በቤቱ አይቶት የማያውቀውን ዕቃ መሰየም ያቃተው ሰው ታሟል አይባልም። መሶብ፣ ሲኒ፣ ምጣድ፣ ጃንጥላ የሚሉት ይበቃሉ። አነጋገርም እንዲሁ ነው። ተማሪው አዛውንቱን «አባባ» ወይም «ጋሼ» እያለ በእርስዎታ ያነጋግራል። አዛውንቱ ግን ሕመሙ ቃላቱን ስላዘበራረቀባቸው አንቺንና አንተን ሊያቀላቅሉ ይችላሉ፤ ሴቲቱን ተማሪ «አንተ» ቢሏት ስድብ ወይም መዘባረቅ አድርጋ እንዳትወስደው ወካይ ታማሚው ይህን ሆን ብሎ እንዲያደርገው ይነገረዋል።

ቀጥሎ የሚመጣው ችግር ወካዩን የመምረጥ ነው። በተለመደው ጊዜ ለዚህ ሚና የሚጋበዙት በዕድሜ የገፉ ሰዎች ነበሩ። በወረርሽኝ ወቅት ግን አረጋውያን፣ እንዲሁም የስኳር፣ የደም ግፊት፣ የልብ ወይም የመተንፈሻ አካል ሕመም ያለባቸው ሰዎች በአካል እንዲመጡ አይጠየቁም። ስለዚህ የ35 ዓመት ጎልማሳ የ66 ዓመቱን ሰው ሆኖ ይቀርባል። ከለቡ ወይም ከሐና ማርያም ያሉ አንድ አዛውንት ከቤታቸው ሳይወጡ በስልክ ያሠለጥኑታል፤ ሽማግሌ እንዴት እንደሚቀመጥ፣ ሲያፍር ምን እንደሚል ይነግሩታል። ልምምዱ ራሱም በስልክ ሊደረግ ይችላል። ተማሪው የፊት ገጽታ ሳያይ በጆሮው ብቻ መመርመርን ይለምዳል፤ ይህም ወደ ጤና ተቋም መምጣት ለማይችል ታማሚ የሚጠቅም ችሎታ ነው። ያለ ሽቦ መልእክት ያስተላልፍ ከነበረ ጣቢያ ስሙን ለወረሰ አካባቢ በድምፅ ብቻ መረዳዳት እንግዳ ነገር አይሆንበትም።

በአካል ሲደረግ በክፍሉ ውስጥ የሚገኙት ሦስት ሰዎች ብቻ ናቸው፤ ወካይ ታማሚው፣ አንድ ተማሪና አንድ መምህር። የቀሩት ተማሪዎች በሌላ ክፍል ሆነው በቪዲዮ ይከታተላሉ። መስኮቶች ሁሉ ይከፈታሉ፤ ግቢው ጥላ ካለው ከቤት ውጭ መቀመጥ ከሁሉም ይመረጣል። በመካከላቸው ሁለት የአዋቂ እርምጃ ይጠበቃል፤ ሁሉም የአፍና አፍንጫ መሸፈኛ ያደርጋሉ። ከንፈርን የሚያሳይ፣ መካከሉ ግልጽ ፕላስቲክ የሆነ መሸፈኛ ከተገኘ ተማሪው እርሱን ይጠቀማል። ካልተገኘ የከንፈር እንቅስቃሴ በሚታይበት ክፍል ቀድሞ የተቀረጸ ቪዲዮ ይታያል እንጂ መሸፈኛ አይወልቅም። የሥዕል ካርዶች በፕላስቲክ ተሸፍነው ከእያንዳንዱ ልምምድ በኋላ ይጠረጋሉ። በአንዱና በሚቀጥለው ተረኛ መካከል ክፍሉ አየር እንዲያገኝ ግማሽ ሰዓት ይተዋል። እንግዳን ቡና ሳይጋብዙ መሸኘት ለአዘጋጆቹ እንደሚከብድ እናውቃለን፤ ቢሆንም ለቡናው መሸፈኛ መውለቁ አይቀርምና ለሌላ ጊዜ ይቆይ።

ስለ መዋጥና ስለ ልጆች

መዋጥን በወካይ ታማሚ ላይ መለማመድ በወረርሽኝ ጊዜ አይፈቀድም፤ ሳል ያስነሣልና። ነገር ግን የዚህ ትምህርት ትልቁ ክፍል ያለ ታማሚ ሊሠራ ይችላል። ትን ለሚለው ሰው የሚሰጠው ፈሳሽና ምግብ ምን ያህል ወፍራም መሆን እንዳለበት በዓለም አቀፍ ደረጃ ከ0 እስከ 7 የተመደቡ እርከኖች አሉ። ተማሪዎች በየቤታቸው አጥሚት ቀጭንና ወፍራም አድርገው ሠርተው ይለኩታል። መርፌ የሌለው የ10 ሚሊ ሊትር ሲሪንጅ አፉ በጣት ተይዞ እስከ 10 ይሞላል፤ ጣቱ ተነሥቶ ልክ 10 ሰከንድ ከፈሰሰ በኋላ የቀረው ይነበባል። ከ1 ሚሊ ሊትር በታች ከቀረ እንደ ውሃ ቀጭን፣ እርከን 0 ነው። ከ1 እስከ 4 ከቀረ እርከን 1፣ ከ4 እስከ 8 ከቀረ እርከን 2 ይባላል፤ ከ8 በላይ ቀርቶ አሁንም የሚፈስስ ከሆነ እርከን 3 ነው። ሲሪንጆች ሁሉ አንድ ዓይነት ስላልሆኑ ከዜሮ እስከ 10 ያለው የመለኪያ መስመር ርዝመት 61.5 ሚሊ ሜትር መሆኑ አስቀድሞ ይረጋገጣል። አጥሚት ሲቀዘቅዝ ይወፍራል፤ ስለዚህ የሚለካው በሚጠጣበት ሙቀት ነው። ይህን ያነበበ ቤተሰብ ግን ለታማሚው በራሱ ፈቃድ እርከን እንዳይመርጥለት እናሳስባለን፤ ያለ ልክ የወፈረ ፈሳሽም የራሱ ጉዳት አለው።

ሕፃናት ወካይ ታማሚ አይሆኑም። በእነርሱ ምትክ የእናት ወይም የአባት ሚና ይዘጋጃል። አንዲት ፈቃደኛ፣ ልጇ ያልተናገረላት እናት ሆና ትቀርባለች፤ ጎረቤቶቿ «ወንድ ልጅ አፉን የሚፈታው ዘግይቶ ነው» እያሉ እንዳዘናጓት፣ ሌሎች ደግሞ እርግማን ነው እንዳሏት ትናገራለች። ይህ ከምናብ የመጣ ሚና አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ2002 ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን ያቋቋሙት ወ/ሮ ዘሚ የኑስ እናቶች ስለሚሸከሙት እንዲህ ያለ ወቀሳ በአደባባይ ደጋግመው ተናግረዋል። የተማሪው ፈተና ምርመራውን ማወቁ ብቻ አይደለም፤ «ለምን እስከ ዛሬ ቆየሽ?» የሚለውን ጥያቄ ከአንደበቱ መከልከሉም ነው።

ፈቃደኛ ሆነው ከተጋበዙ

የራስዎን ሕመም እንዲናገሩ አይጠየቁም። ልምምዱ ከከበደዎት እጅዎን ከፍ በማድረግ በማንኛውም ሰዓት ያስቆሙታል፤ ምክንያት መስጠት አይኖርብዎትም። ሳይፈቅዱ ምስልዎ አይቀረጽም። ልምምዱ ሲያበቃ ውይይት ይደረጋል፤ በውይይቱም ሚናዎን ትተው በራስዎ ስም ይናገራሉ። ተማሪው ሲያቋርጥዎት ምን እንደተሰማዎት መንገር ከመምህሩ እርማት ይልቅ የሚዘልቅበት ጊዜ አለ፤ ስለዚህ «ጥሩ ነበር» ብለው ብቻ አይለፉት። ይሉኝታ ለተማሪው አይጠቅመውም።

በልምምዱ ዕለት ትኩሳት፣ ሳል ወይም የትንፋሽ ማጠር ካለብዎት ይቅሩ፤ አስተባባሪው ተተኪ አዘጋጅቶ መጠበቅ የእርሱ ግዴታ ነው። ሲገቡም ሲወጡም እጅዎን በውሃና በሳሙና ቢያንስ ለ20 ሰከንድ ይታጠቡ። ከልምምዱ በኋላ ምልክት ከታየብዎት በ8335 ወይም በ952 ይደውሉ፤ ለአስተባባሪውም ያሳውቁ። በየልምምዱ የተገኙት ሰዎች ስምና ስልክ የሚመዘገበው ለዚሁ ሲባል ነው። መዝገቡ ለ14 ቀናት ተቆልፎበት ይቀመጣል፤ ከዚያ በኋላ ይወገዳል።